ለእንግዳ የተቀባው ቤት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ጥያቄው ያረጀ ነው። ጠቢባን ሲያላምጡት ኖረው ሳይውጡት አልፈዋል። የሚገርመው፣ ዛሬ ዛሬ ይህን ጥያቄ ከጠቢባን ይልቅ አጥብቆ የሚጠይቀው የመንግሥት ቢሮ መሆኑ ነው። ይህ ሰው ምን ይችላል? ምን ያቅተዋል? ማን ያበላዋል? ብቻውን ቢተው ምን ይሆናል? ጠቢብ መልሱ ሲጠፋው ዝም ይላል፤ ቢብስበት መጽሐፍ ይጽፋል። ቢሮ ግን መልሱ ሲጠፋው «አይገባውም» ብሎ ማኅተም ያሳርፋል።

ኤራስሞ ቺጓይ በዚህ ጥያቄ ፊት የቆመው አርባውን ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሕይወቱ ምን ያህል እንደምትመዝን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በፒልዌ ደሴት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ነፋሱ ከሰሜን ከመጣ ዝናብ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ዛጎል ይለቀማል፤ ኤራስሞም ኤራስሞ ነው። በቃ።

ልጅ ሳለ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበር። ከፈታም በኋላ ቃል አያባክንም። በሳህኑ ላይ ድንቹ ሥጋውን ከነካው አይበላም። የሞተር ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ወደ ጀልባው ዳስ ይሮጥና ከተገለበጠችው የአባቱ ጀልባ ሥር ይገባል፤ ጩኸቱ ካለፈም በኋላ ቶሎ አይወጣም። ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሲያናግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የሚመልሰውም ለግድግዳው ነው። የባሕር ሣር ሲያሰጣ ግን ቆሞ ላየው ሰው ጸሎት የሚያደርስ ይመስላል። ዘለላውን ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረድርና፣ ነፋስ እንዳይደባልቅበት በጠጠር ጫን ጫን ያደርገዋል። የሚገዛው ነጋዴ ደርሶ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ይጠቀጥቀዋል። ኤራስሞ ቅር አይለውም። የሚደረድረው ለነጋዴው ብሎ አይደለማ።

እናቱ በሕይወት ሳለች ይህ ሁሉ ስም አልነበረውም። ስም ያወጣለት፣ በሕክምና ጀልባ ደሴት ለደሴት የሚዞር አንድ ወጣት ሐኪም ነው።

«ኦቲዝም ይባላል» አለ ሐኪሙ። «በሽታ አይደለም፤ አብሮት የተፈጠረ ነው። ግን ሰው ያስፈልገዋል።»

ሽማግሌው ባለ ጀልባ ዶን ኤሊሴዮ በሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጥ ነበር።

«ይተላለፋል እንዴ ዶክተር?»

«የለም፣ አይተላለፍም።»

«አይ ዕድላችን! ይኼ ሰውዬ እኮ ከተወለደ ዋሽቶ አያውቅም። ለባለ ሱቋ ቢያስተላልፍልን ምን ነበረበት!»

እናቱ የሞተች ክረምት ነው ነገሩ የከበደው። ከቀብር በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፤ ኤራስሞ ብቻውን መሆን ይወዳል ብለው ተዉት። የቅርብ ጎረቤቱ ዶኛ ኡቤርሊንዳ ጭስ ከጭስ ማውጫው ሳይወጣ ቢቆይባት ሄዳ በሩን ገፋችው። ኤራስሞ ጠረጴዛው አጠገብ፣ በተለመደችው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከበስተጀርባው የድንቹ ማከማቻ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ምነው ልጄ፣ አልበላህም?»

«ሳህኑ አልመጣም» አላት።

አኩርፎ አይደለም፤ ሐዘንም ብቻ አይደለም። ለዚህ ሰው ምግብ ማለት እናቱ ከምድጃው አንሥታ ፊቱ የምታስቀምጠው ሳህን ነው። ድንቹ፣ እንጨቱ፣ እሳቱ፣ ውሃው፣ ረሃቡ በየራሳቸው ይታዩታል። አንዱን ከሌላው የሚያጋጥመው መንገድ ግን እናቱ ውስጥ ነበር፤ አብሯት ተቀበረ። ዶኛ ኡቤርሊንዳ ይህን በቃል ማስረዳት አትችልም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑ መምጣት ጀመረ። እሷ ስትታመም ሌላዋ ታመጣለች፤ ቅዳሜ ዶን ኤሊሴዮ ያመጣል፤ እንጨት ፈላጭ እንጨት ፈልጦ ሳይናገር በደጃፉ ይደረድራል። ማንም አልተሰበሰበም፤ ማንም አልወሰነም። እንዲሁ ሆነ።

ይህን ያላወቀችው፣ ወይም አውቃ ያላመነችው፣ ታላቅ እህቱ ኦርፌሊና ናት። በልጅነቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ፑንታ አሬናስ ሄዳ እዚያው አግብታ ቀርታለች። መኪና ከሚታደስበት ጋራዥ በላይ፣ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ኤራስሞ እዚያ ቤት አንድ ጊዜ፣ እናቱ ለሕክምና የሄደች ጊዜ፣ አርፎ ነበር። ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። አፉን የከፈተው ፒልዌ ተመልሶ የአባቱን ጀልባ በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ነው። ያኔም ያለው «ይኸው አለች» ብቻ ነው።

ኦርፌሊና ክፉ ሴት አይደለችም። ስልኩን ደውላ ያለቀሰችው እሷ ናት።

«ዶኛ ኡቤርሊንዳ፣ አንድ ጠዋት ደውላችሁ ‹ወንድምሽን ደርቆ አገኘነው› እንዳትሉኝ ነው የምፈራው። እማዬ ስትሞት አደራ ብላኛለች። የእናንተ ደግነት እስከ መቼ ነው? እርስዎም እኮ...»

«እኔም እኮ ምን? አርጅተሻል በይኛ፤ ምን ያሳፍርሻል።»

«እሺ አርጅተዋል። ሐኪሙ ድጎማ ይገባዋል ብሏል አይደል? መንግሥት ካወቀው፣ የራሱ መተዳደሪያ ካለው፣ በቤቱ ይኑር፤ እኔም እተኛለሁ። ካልሆነ ግን በጋ ላይ መጥቼ ቤቱን ቆልፌ እወስደዋለሁ።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ሐኪሙ ማመልከቻውን ጻፈ፤ ኤራስሞ ጣቱን ሳይሆን ስሙን አስፍሮ ፈረመ። ከቢሮው መልስ መጣ፤ አመልካቹ እንዴት እንደሚኖር አይታ የምትጽፍ ሠራተኛ ወደ ደሴቲቱ ትላካለች።

እዚህ ላይ ነው ደሴቲቱ የተሳሳተችው። ስሕተቱ ከክፋት ቢመጣ ማረም ቀላል ነበር።

በእነዚህ ደሴቶች ላይ እንግዳ ወደ ጎረቤትህ ቤት ሊመጣ ነው ከተባለ ወደ አንተም ቤት ነው የሚመጣው። የጎረቤት ገመና የራስ ገመና ነው። ሕዝቡ ሚንጋ የሚለው ደቦ አለው። በደቦ ድንች ያወጣል፤ በደቦ በግ ይሸልታል፤ ቤት ያለበት ቦታ ካልተመቸ ቤቱን ከነጣሪያው በበሬ አስጎትቶ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ያዛውራል። ደቦውም ሕግ አለው። ያገዘ ሰው ያገዘውን አያወራም። በታገዘው ሰው ፊት «ይህን ያደረግሁለት እኔ ነኝ» ማለት ሰውን በአደባባይ ማራቆት ነው። እንዲህ ያለ አፍ ያለውን ሰው በሚቀጥለው ደቦ የሚጠራው የለም።

«ያቺን ወጥ ቤት ነው የከተማ ሰው የሚያያት?» አለች ዶኛ ኡቤርሊንዳ ከጸሎት ቤቱ ደጅ ቆማ። «እናቱ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ነው የምትለኝ!»

ተነሡ። የበሰበሰው የጣሪያ ሳንቃ ወርዶ አዲስ ተመታ። ግድግዳው ቢጫ ተቀባ። ወለሉ በአሸዋ ተፈገፈገ። አንዷ መጋረጃ አዋሰች፤ ሌላዋ የሠርግ ሳህኖቿን አመጣች፤ የደሴቲቱ ትምህርት ቤት መምህር የግድግዳ ሰዓት ሰቀለ። ዶን ኤሊሴዮ ካሉት ዶሮዎች የሰባችውን አረደ። ኤራስሞ የሚጠጣበት ኩባያ ከነበረበት መደርደሪያ ሲነሣ አየ፤ ከዚያ ሰዓቱ መምታት ሲጀምር ጆሮውን ይዞ ወጣና ጀልባዋ ሥር ገባ። ጎትተው አላወጡትም፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ለምነው አወጡት፤ ፀጉሩን ቆረጡት፤ የሟች አጎቱን ሙሉ ልብስ አለበሱት።

ሠራተኛዋ ያስና የምትባል ወጣት ናት። ባሕሩ አስመልሷት፣ ፊቷ እንደ ጎመን ቅጠል ሆኖ ደረሰች። እሳት ዳር አስቀምጠው የዶሮ ሾርባ ሰጧት። ነፍስ ስትዘራ ወረቀቷን አወጣች።

«ቤቱን ማነው የሚያስተዳድረው?»

«እሱ ነዋ፣ ሴኞሪታ!» አለች ዶኛ ኡቤርሊንዳ።

«ማብሰሉንስ?»

«ኧረ ባለሙያ ነው!»

«ሴኞሪታ» አለ ዶን ኤሊሴዮ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሴት ልጅ ቢኖረኝ ለሱ ነበር የምድራት። እንደሱ ያለ ታታሪ የት ይገኛል?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያስና ወደ ኤራስሞ ዞረች። እሱ በአጎቱ ኮት ውስጥ ትከሻውን ሰብስቦ አዲሱን ቢጫ ግድግዳ ያያል።

«እርስዎስ ደኅና ነዎት? የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?»

ኤራስሞ አሰበ። ጥያቄው ስለ አሁን ነው። አሁን ሞተር የለም፤ አልራበውም፤ የሚያመው ቦታ የለም።

«ደኅና ነኝ። የለም» አለ ለግድግዳው።

መልሱ የመጣው ድንች ከመሬት በሚወጣበት ሰሞን ነው። ዶኛ ኡቤርሊንዳ መነጽሯን ሰክታ ለተሰበሰበው ሰው በጸሎት ቤቱ ደጅ አነበበችው። ቤቱ ንጹሕና አዲስ ቀለም የተቀባ መሆኑ ታይቷል። በቂ ስንቅና ማገዶ አለ። አመልካቹ ንጹሕ ለባሽ ነው፤ እንግዳ ተቀብሎ ያስተናግዳል፤ ራሱን ችሎ ይኖራል። ስለዚህ ድጎማው አይገባውም።

ዶን ኤሊሴዮ ወደ መሬት እያየ «ያቺ ዶሮ የኔ ነበረች እኮ» ብሎ አጉረመረመ።

ሕግ ያውቃል የሚባለው መምህሩ፣ ይግባኝ ቢጠየቅ ሠራተኛዋ ደግማ ትመጣለች አለ። ይግባኙ ተጻፈ። ቀኑም ከበጋው በፊት ተቆረጠ። ቀኑ ሲቃረብ ተሰበሰቡና የሚሆነውን መከሩ። የተስማሙበት ነገር በደሴቲቱ ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም፤ ሠራተኛዋ እስክትመጣ ድረስ ማንም ወደ ኤራስሞ ቤት እንዳይሄድ። ቢሮው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለገ ይየዋ!

«ቤት በበሬ ጎትቻለሁ» አለ ዶን ኤሊሴዮ ወደ ቤቱ ሲመለስ። «የገዛ እግሬን ወደ ኋላ መጎተት እንዲህ ይከብዳል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።»

በማግስቱ የኤራስሞ ጭስ ማውጫ አልጨሰም። ዶኛ ኡቤርሊንዳ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየች፤ ልብስ ልታስገባ ወጥታ አየች፤ ደረቅ ልብስ እንደገና ልታሰጣ ወጣች። ከቀትር በኋላ ድስቷን በቀሚሷ ሸፍና በበጎች መንገድ፣ ሰው በማያያት በኩል ሄደች። የቤቱን ማዕዘን ስትዞር ከዶን ኤሊሴዮ ጋር ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም። ድስት ነው።»

«ድስቱ ውስጥስ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ... ድንች። አንቺስ፣ ቀሚስሽ ሥር የሚጨሰው ምንድን ነው? እሳት ተነሥቶብሻል?»

«ዝም በልና በሩን ክፈት።»

ኤራስሞ በወንበሩ ላይ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል። እጆቹ ሳህን በሚቀመጥበት ቦታ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ለሳህኑ ስፍራ የለቀቁለት ይመስላሉ።

«ዘገያችሁ» አለ።

ወቀሳ አልነበረበትም። ሰዓት ስንት ነው ቢባል የሚመልሰው ዓይነት ነው። ዶኛ ኡቤርሊንዳ ግን ድስቱን አስቀምጣ ፊቷን በመደረቢያዋ ሸፈነች። ዶን ኤሊሴዮ ተንበርክኮ እሳት አያያዘ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አይደለም።

«ይኼም ውሸት ነው» አለች ዶኛ ኡቤርሊንዳ ቆይታ። «ያኔ በቀለም ዋሸን። አሁን ደግሞ በረሃብ፣ ያውም በሱ ረሃብ፣ ልንዋሽ ነው።»

እውነቷን ነበር። ቢሮው የሚጠይቀው ብቻውን ስለሚኖር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በፒልዌ ላይ የለም። ምናልባት የትም የለም። ዶን ኤሊሴዮስ ቢሆን ብቻውን ነው? መነጽር ያጣ ቀን መረቡን ማን ይጠግንለታል? ሁላችንም ከሌላው ሰው እጅ የሚመጣ ሳህን አለን፤ ልዩነቱ የኛ ሳህን ሲመጣ አለመታየቱ ነው። ኤራስሞ ያለው በተቀባው ግድግዳ ውስጥም በጠፋው ምድጃ ውስጥም አይደለም። ያለው በዚህ በር በሚገቡትና በሚወጡት ሰዎች መካከል ነው። ሠራተኛዋ ማየት ያለባት መግባት መውጣቱን ነው። ያ ደግሞ የደቦውን ሕግ ማፍረስ ነው፤ ያገዙትን ነገር በታገዘው ሰው ፊት አፍ አውጥቶ መናገር።

ዶኛ ኡቤርሊንዳ ከሱ ፈቃድ ሳታገኝ ይህን አላደርግም አለች። ኤራስሞ በልቶ ሲጨርስ ከጎኑ፣ ዓይኑን በማታይበት በኩል ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ስትመጣ ሁሉንም ነገር እዚሁ ፊትህ እንነግራታለን። የምናበስልልህን፣ የምናጥብልህን፣ ሁሉን። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ትፈቅድልናለህ?»

«ምኑ ነው ነውሩ?»

«መናገሩ ነዋ። ‹እኔ ነኝ የማበላው› ማለቱ።»

ኤራስሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንቺ ነሽ እኮ የምታበይኝ» አለ። «ታመጫለሽ። ብዙ ታወሪያለሽ፣ ጆሮዬን ያመኛል። ከዚያ ትሄጃለሽ። እውነት ነው።»

ዶን ኤሊሴዮ ከምድጃው ዘንድ በሳቅ ትን አለው። «ስማ፣ ይኼን ቃል በቃል ንገራት! ስለ ወሬዋ ያልካትን አትርሳ!»

ያስና ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ የአጎትየው ኮት አልነበረም፤ ሰዓቱም ተነሥቷል። ኤራስሞ በሥራ ሹራቡ ተቀምጧል። እሷም እንድትቀመጥ ስትጋበዝ አልተቀመጠችም።

«ባለፈው ጊዜ እዚህ ቤት ሾርባ አስጨምሬ በላሁ» አለች። «ማን እንደሠራው ግን አልጠየቅሁም። ኃፍረቱ የኔም ነው። ዛሬ እኔን አታስተናግዱኝ፤ የዘወትራችሁን አድርጉ።»

«እንግዲያው ከመንገድ ገለል በይልኝ፣ ልጄ» አለች ዶኛ ኡቤርሊንዳ።

አደረጉ። ዶኛ ኡቤርሊንዳ ወጥታ እንደ ዘወትሩ ሳታንኳኳ ገባች፤ እሳቱን ቆሰቆሰች፤ ድንቹን በአንድ ጥግ፣ ሥጋውን በሌላ ጥግ አድርጋ ሳህኑን አስቀመጠች፤ ማንኪያውን በእጁ አስያዘችው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ዕድሜዋን ሙሉ የገሠጸችው ዓይነት አፍ ዛሬ የራሷ ሊሆን ነው።

«እኔ... እናቱ ከሞተች ወዲህ... በየቀኑ የምናበላው እኔና...»

«በየቀኑ አይደለም» አለ ኤራስሞ። «ቅዳሜ ዶን ኤሊሴዮ ነው። ያሳርረዋል።»

«አሳርሬ አላውቅም!»

«ሁልጊዜ ታሳርራለህ። ጥቁሩን እተወዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ኤራስሞ ሲጠየቅ ለግድግዳው መለሰ፤ የሚመልሰው ደግሞ ሁሉ ልክ ነበር። ቀለሙ የሱ አይደለም፤ የበፊቱን ይወዳል፤ የቀቡት ለእሷ ብለው ነው። ልብሱን የምታጥበው ሌላ ሴት ናት፤ ሳሙናው ይሸታል። ሳህኑ ካልመጣ አይበላም። አንዴ ለምን እንደማያበስል ጠየቀችው። «አላውቅም» አለ፤ በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ ይህን ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

«እህትዎ ዘንድ፣ ፑንታ አሬናስ ቢሄዱስ?» አለች ያስና።

ማንኪያው ወደቀ። ኤራስሞ ተነሥቶ ወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊከተሉት ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸውና እሷው ሄደች። ከዳሱ በር ላይ እግሮቹ ብቻ ከጀልባዋ ሥር ይታዩ ነበር። አልጠራችውም፤ «አይዞህ» እንኳን አላለችውም። ጭቃው ላይ፣ በመልካሙ ሱሪዋ ቁጭ አለች። አንድ የዓሣ እርባታ ጀልባ ሞተሩን እያንቧረቀ ባሕሩን አቋርጦ አለፈ፤ ከተገለበጠችው ጀልባ ሥር የሚንቀጠቀጡትን እግሮች አየች። ወረቀቷን አላወጣችም። ዝናብ ካፍ ካፍ አለ፤ ቆመ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ኤራስሞ ወጣና ከእሷ እጅግ ሳይርቅ ተቀመጠ። ወደ ባሕሩ አዩ። ማን ቀድሞ እንደ ተነሣ አይታወቅም፤ አብረው ወደ ቤት ሲገቡ ዶኛ ኡቤርሊንዳ አየቻቸው።

ድጎማው ተፈቀደ። ካስትሮ ከተማ የተቀመጡት ሐኪሞች የኤራስሞን ጉዳት ከመቶ ይህን ያህል ነው ብለው ቆርጠው ልከዋል። የተረፈው ከመቶ ስንቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አልጻፉም። ዶን ኤሊሴዮ «የጎደለውን ባለ ሱቋ ናት የወሰደችው» አለ። እንጨቱ፣ ዱቄቱ፣ ለአጣቢዋም ሳሙና ከዚያ ይገዛ ጀመር፤ ሽታ የሌለው ሳሙና። ያስና ከዚያም አልፋ አንዲት የደሴቲቱ ወጣት በደመወዝ ጠዋት ጠዋት እንድትገባለት አስፈቀደች። ዶኛ ኡቤርሊንዳ ግን ልጅቷ ከሄደች በኋላ ትገባለች፤ በበጎች መንገድ ሳይሆን በፊት ለፊት በር።

ኦርፌሊና በበጋ መጣች። ባዶ ሻንጣ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ለሱ ልብስ። ሰነበተች። አንድ ቅዳሜ ዶን ኤሊሴዮ ድስቱን ይዞ ሲገባ፣ ወንድሟ ጥቁሩን እየለየ ወደ ሳህኑ ዳር ሲገፋ፣ ባለ ድስቱም አይቶ እንዳላየ ሲሆን ተመለከተች። ሳትበላ ወጥታ ደጅ ቆመች። በሄደችበት ቀን ሻንጣውን በድንችና በደረቀ የዛጎል ሥጋ ሞልተው ላኳት። ወንድሟ እስከ ባሕሩ ሸኛት፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ግን ተመለሰ። በዚህ አልተቀየመችም።

ድጎማው ለዘላለም አይደለም። ከዓመታት በኋላ እንደገና ሰው ይላካል፤ እንደገና ይታያል፤ ይጠየቃል። ያስና ይህን ልታስረዳው መጥታ ከዳሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነገረችው። ኤራስሞ የባሕር ሣሩን መደርደሩን አላቆመም፤ የሰማ አይመስልም ነበር። ልትነሣ ስትል ተናገረ፤ በሕይወቱ ከመንግሥት የለመነው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ የድጎማውንም ሐሳብ ያመጡት ሌሎች ናቸው።

«ሲመጡ አንቺ ነይ» አላት። «ሌላ ሰው አይምጣ። አንቺ ነይና መሬት ላይ ተቀመጪ። አታውሪ።»

ያስና ቃሉን ሳትቀንስ ሳትጨምር ጽፋ ለቢሮዋ አቀረበች። ሠራተኛ የሚመደበው በተራ ነው፣ አመልካች አይመርጥም አሉ። ለበላዮቹ ጻፈች፤ እነሱም ያንኑ አሉ። ዶኛ ኡቤርሊንዳ መምህሩን አስጽፋ ጠየቀች፤ መልስ አልመጣም። ዶን ኤሊሴዮ ለምርጫ ቅስቀሳ የመጡትን ሰዎች በጀልባው እያሻገረ ባሕሩ መሃል ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ለመናቸው፤ «እናያለን» ብለው ወርደው ሄዱ። ኤራስሞ ግን እስካሁንም፣ ከከተማ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ለግድግዳውም ይሁን ለባሕሩ ያንኑ ይናገራል፤ እሷ ትምጣ፤ መሬት ላይ ትቀመጥ፤ አታውራ። እሺ ያለው የለም።